መልእክቱ መጀመሪያ ዲስክ ላይ ይረፍ፦ ለስታቲክ ድረ ገጽ በራስ ሰርቨር የሚሠራ የመልእክት ቅጽ

ጥያቄ፦ «ሁጎ በተባለው ገጾችን አስቀድሞ እንደ ፋይል በሚያዘጋጅ ፕሮግራም የሠራሁት፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚነበብ የግል ድረ ገጽ አለኝ። ያስቀመጥኩት በተከራየሁት አነስተኛ ሰርቨር ላይ ነው፤ ዴቢያን የተባለው ሥርዓተ ክወናና ኢንጂንኤክስ የተባለው ገጽ አቅራቢ ፕሮግራም ተጭነውበታል። አንባቢዎች የኢሜይል አድራሻዬን ሳያውቁ መልእክት የሚልኩልኝ ቅጽ መጨመር እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን የጻፉልኝ ነገር በሌላ ኩባንያ እጅ እንዲያልፍ አልፈልግም። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን፣ ፒኤችፒ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ሞክሬ ነበር። በአማርኛ የተጻፈው በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ መጣ፤ አንዳንዱ መልእክት ደግሞ ተልኳል ተብሎ ሳይደርሰኝ ቀረ። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነውና። መልእክት በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ሲመጣ ቢያንስ አንድ ሰው እንደጻፈልዎ ያውቃሉ። «ተልኳል» ተብሎ መንገድ ላይ የቀረው ግን ለሁለታችሁም አይታይም፤ ላኪው መልስ እንደነፈጉት ይቆጥራል፣ እርስዎ ደግሞ ማንም እንዳልጻፈልዎ።

ከኢንተርኔት የሚገለበጡት ኮዶች አብዛኞቹ ሥራውን የሚሠሩት በተገለበጠ ቅደም ተከተል ነው። ከቅጹ የመጣውን ይቀበላሉ፣ ለኢሜይል አመላላሹ ያስረክባሉ፣ «እናመሰግናለን» የሚል ገጽ ያሳያሉ፣ አበቃ። የፒኤችፒ የኢሜይል መላኪያ ተግባር «ተሳክቷል» ብሎ ሲመልስ፣ በሰርቨሩ ላይ ያለው አመላላሽ ፕሮግራም ደብዳቤውን ተረከበ ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ ቢያደርገው፣ አይፈለጌ ተብሎ ቢጣል፣ ወይም አከራይዎ ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበትን በር፣ ፖርት 25ን፣ ስለዘጋ ወረፋ ላይ ተኝቶ ቢቀር ኮዱ ወሬውም አይደርሰው። ይህን ፖርት ወደ ውጭ መዝጋት ደግሞ የተለመደ ነው፤ የጉግልና የአማዞን ክላውዶች ለምሳሌ ከመነሻው ዝግ አድርገው ነው የሚያከራዩት።

ስለዚህ ዋናው ምክሬ አንድ ነው፤ ሌላው ከእሱ የሚመዘዝ ነው። ቅጹን የሚቀበለው ፕሮግራም ኢሜይል አይላክ። መልእክቱን ዲስክ ላይ ይጻፍ፣ መጻፉን ያረጋግጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ለላኪው «ደርሷል» ይበል። ኢሜይሉ ማሳወቂያ እንጂ መልእክቱ ራሱ አይደለም፤ ዛሬ ባይሄድ ነገ ይሄዳል።

በሁጎ በኩል ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም። ቅጹ ተራ ኤችቲኤምኤል ነው፤ ጃቫስክሪፕት አያስፈልገውም፣ እንዲያውም ባይኖርበት እመርጣለሁ፤ በደካማ የሞባይል ኔትዎርክ ስክሪፕቱ ሳይጫን የቀረበት ሰው አዝራሩን ሲጫን ምንም ላይፈጠር ይችላል። ኢንጂንኤክስ ለቅጹ በመደቡለት አንድ አድራሻ የመጣውን ብቻ ወደ ተቀባዩ ፕሮግራም ያስተላልፋል፤ የቀረውን እንደ ወትሮው ከፋይል ያቀርባል። ፕሮግራሙ የሚያዳምጠው 127.0.0.1 (የሰርቨሩ የውስጥ አድራሻ) ላይ ብቻ ይሁን፤ ከውጭ በቀጥታ የሚደርስበት መንገድ አይኑር። ቋንቋው የምርጫ ጉዳይ ነው። እኔ «ጎ» (Go) የተባለውን እመርጣለሁ፤ ተጠናቅሮ የሚወጣው አንድ ፋይል ስለሆነ ሰርቨሩ ላይ ሌላ ነገር መጫን አይጠይቅም። ፒኤችፒም ነውር የለበትም። የቆየ መመሪያ ተከትለው ፓይተን በተባለው ቋንቋ የሲጂአይ ሞጁል (ከቅጽ የመጣን ጽሑፍ መቀበያ ክፍል) ሊሠሩ ካሰቡ ግን ይተዉት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ፓይተን 3.13 ከቋንቋው ተወግዷል።

አንድ ትንሽ ነገር ግን አይርሱ፦ የቅጹ መላኪያ ዘዴ «ፖስት» መሆኑን በግልጽ ይጻፉ። ካልጻፉት አሳሹ በ«ጌት» ይልከዋል፤ ያኔ የሰውየው ስም፣ አድራሻና መልእክት እንዳለ ከገጹ አድራሻ ጋር ተቀጥሎ በአሳሹ ታሪክና በኢንጂንኤክስ የመዳረሻ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። የሰው ምስጢር ሌላ እጅ እንዳይገባ ብለው የጀመሩት ሥራ በራስዎ መዝገብ ላይ ያፈሳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዲስኩ እንመለስ። ፋይል ከፍቶ መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን እዚሁ ላይ ነው። ሁሉንም መልእክት በአንድ ረጅም ፋይል ጫፍ ላይ የሚቀጥል ፕሮግራም፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ሲልኩ ወይም ሰርቨሩ መሃል ላይ ሲጠፋ የተቆራረጠና የተደባለቀ ጽሑፍ ሊተው ይችላል። ዳንኤል በርንስታይን ኪውሜይል ለተባለው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም የነደፈው ሜይልዲር የተባለ የኢሜይል አቀማመጥ ይህን ከፈታው ቆይቷል፤ እኛም እንዋሰው። አንድ መልእክት አንድ ፋይል ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም መጀመሪያ በ«ጊዜያዊ» አቃፊ ውስጥ ይጽፋል፣ ጽሑፉ ከማህደረ ትውስታ ወደ ዲስኩ እንዲወርድ ያስገድዳል፣ ከዚያ ፋይሉን ስሙን በመቀየር ወደ «አዲስ» አቃፊ ያዛውረዋል። በአንድ የፋይል ሥርዓት ውስጥ ስም መቀየር ወይ ሙሉ በሙሉ ይሆናል ወይ ጭራሽ አይሆንም፤ ግማሽ የለውም። በ«አዲስ» ውስጥ ያለ ፋይል ሁሉ ሙሉ መልእክት ነው ብለው በሙሉ ልብ መናገር የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሲያልቅ ተቀባዩ በቁጥር 303 ምላሽ ላኪውን በሁጎ ወደ ተሠራ የምስጋና ገጽ ይመራዋል። «እናመሰግናለን»ን እዚያው መልሶ ማሳየት ይቻል ነበር፤ ግን ሰውየው ገጹን ሲያድስ አሳሹ ያንኑ መልእክት እንደገና ይልካል። አንዱ ነገር ካልሠራ ደግሞ፣ ለምሳሌ ኢሜይሉ ላይ የ«@» ምልክት ከጎደለ፣ ወደ ባዶ የስህተት ገጽ አይምሩት። ተቀባዩ ፕሮግራም ሰውየው የጻፈውን ሁሉ ይዞ ቅጹን መልሶ ያሳየው። ረጅም ደብዳቤ ጽፎ በአንድ ጭረት የተነሳ ባዶ ሳጥን የሚመለስለት ሰው ሁለተኛ አይጽፍም።

ኢሜይሉን የሚልከው ሌላ ፕሮግራም ነው። በሲስተምዲ (በዴቢያን ላይ ፕሮግራሞችን በሚያስነሳውና በሚቆጣጠረው ክፍል) ሰዓት ቆጣሪ በየ5 ደቂቃው ይነሳና «አዲስ» ውስጥ ያገኘውን ይልካል፤ የኢሜይል ሰርቨሩ መቀበሉን ሲያረጋግጥለት ብቻ ፋይሉን ወደ «የተላከ» ያዛውራል። ካልተሳካለት ባለበት ይተወዋል። ሁለቱን መነጣጠሉ ሌላም ጥቅም አለው፦ የኢሜይል ሳጥንዎን የይለፍ ቃል የሚያነበው ላኪው ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ለኢንተርኔት የተጋለጠው ተቀባይ በአንድ ቀዳዳ ቢሰበር እንኳ የይለፍ ቃሉ እጁ ላይ የለም። ሁለቱም በየራሳቸው የተጠቃሚ ስም ይሂዱ፤ ተቀባዩ ከመልእክት አቃፊዎቹ በቀር ሌላ ቦታ መጻፍ እንዳይችል ሲስተምዲ ላይ ይከልክሉት።

የራስዎን ኢሜይል ሰርቨር ለማቆም አይድከሙ። ላኪው ፕሮግራም አሁን በሚጠቀሙበት የኢሜይል አገልግሎት በፖርት 587 ወይም 465 በይለፍ ቃል ገብቶ ለራስዎ ይላክ፤ ፖርት 25 ተዘጋ አልተዘጋ ያኔ አያገባዎትም። ነገር ግን «በሌላ ኩባንያ እጅ እንዳያልፍ» ያሉትን በጥብቅ ከያዝነው፣ የመልእክቱን ጽሑፍ ወደ ኩባንያ ሳጥን መላክ ራሱ ያንን ማፍረስ ነው። ለእርስዎ የምመርጠው በኢሜይል «አዲስ መልእክት አለ» የሚል ማሳወቂያ ከፋይሉ ቁጥር ጋር ብቻ መላክ፣ ጽሑፉን ደግሞ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ማንበብ ነው። ቀን ከሌት መልእክት የሚጎርፍለት ሰው ይህ ያሰለቸዋል፤ ለግል ድረ ገጽ ግን በቂ ነው። በአሳሽ የሚከፈት የማንበቢያ ገጽ ለመሥራት አይቸኩሉ፤ ከመልእክቱ ጋር የሚመጣ ስክሪፕት በእርስዎው አሳሽ ላይ እንዳይሮጥ የመጠበቅ ሌላ ሥራ ይዞ ይመጣል።

ጽሑፉን በኢሜይል መቀበል ካለብዎት ደግሞ የላኪ መስመሩ ላይ የራስዎ አድራሻ ይሁን፤ የጎብኚው አድራሻ የሚገባው «መልስ ወደ» የሚለው መስመር ላይ ነው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ኢሜይሉ ከጎብኚው የመጣ መስሎ ሲታይ ያምራል። ነገር ግን ያሁ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በስሙ ከሌላ ሰርቨር የሚመጣ ደብዳቤ ውድቅ እንዲደረግ በዲማርክ (ማረጋገጫ ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግበት በሚለው) መመሪያው ያዛል፤ የያሁ አድራሻ ያለው አንባቢ ሲጽፍልዎ የእርስዎ ሰርቨር አስመሳይ ሆኖ ይገኛል። ካልደረሱዎት መልእክቶች ቢያንስ አንዱ በዚህ መንገድ ቢቀር አይገርመኝም።

ወደ ጥያቄ ምልክቶቹ ልለፍ። የአማርኛ ጽሑፍ ሲበላሽ ሁለት መልክ አለው፤ መልኩ ራሱ በሽታውን ይናገራል። በየፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ካዩ፣ በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም ጽሑፉን የግዕዝ ፊደል ወደሌለው የፊደል ስብስብ ለውጦታል ማለት ነው፤ ፊደሉ ጠፍቷል፣ አይመለስም። ጭረትና ነጥብ ያለባቸው የላቲን ፊደላት ከምልክት ጋር ተደበላልቀው ካዩ ግን ባይቶቹ በአብዛኛው አሉ፤ የተነበቡት በሌላ ስብስብ ነው፣ እንደ ዩቲኤፍ-8 (ግዕዝን ጨምሮ የዓለምን ፊደላት እንደሚይዘው ስብስብ) ቢነበቡ ይስተካከላሉ። የእርስዎ የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ ፈልገው ማግኘት ያለብዎት የሚለውጠውን ቦታ ነው፦ ገጹ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ በራስጌው ተጽፏል ወይ? ኮዱ መንገድ ላይ ወደ ላቲን ስብስብ የሚቀይር መስመር አለው ወይ? ኢሜይሉ የይዘቱን ስብስብ ያውጃል ወይ? ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ካለበት ሠንጠረዡ በምን የፊደል ስብስብ ተፈጠረ? እኔ መጀመሪያ የማየው ኮዱን ነው፤ የድሮ ኮዶች ምዕራብ አውሮፓን ብቻ አስበው የተጻፉ ናቸውና።

መጠኑንም ያስቡበት። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው፤ ተራ ቅጽ ሲልከው ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት አሃዝ ይጻፋል። «ሰላም» 3 ፊደል ነው፤ ዲስክ ላይ 9 ባይት፣ መንገድ ላይ ደግሞ 27 ቁምፊ ይሆናል። በእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ ያዩትን የ8 ኪሎባይት ገደብ ገልብጠው ካስገቡ፣ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ጥቂት ገጾች ሲፈቀድለት የአማርኛው ጸሐፊ 900 ፊደል ገደማ ላይ ይታገዳል። የኢንጂንኤክስ መነሻ ገደብ 1 ሜጋባይት ነው፤ ለቅጹ አድራሻ 64 ኪሎባይት ያድርጉት። የጽሑፍ ሳጥኑ ላይ የሚያስቀምጡት የ4000 ገደብ ፊደል ስለሚቆጥር ምንም ያህል አማርኛ ቢሆን በዚያ ውስጥ ይገባል፤ ገደቡን ግን ተቀባዩም ይቁጠር፣ በፊደል እንጂ በባይት አይደለም።

የርዕስ መስመሩ የተለየ ተንኮል አለው። የኢሜይል ራስጌ ከላቲን ውጭ ያለ ፊደልን የሚሸከመው በልዩ መጠቅለያ ነው፤ አንዱ ጥቅል ከ75 ቁምፊ አይበልጥም። ሲሰላ በአንድ ጥቅል ውስጥ 15 የግዕዝ ፊደል ይገባል። ክፍተት ግን 1 ባይት ብቻ ስለሆነች ቁጥሩን ታዛባለች፤ ባይት ብቻ ቆጥሮ የሚቆርጥ ኮድ ያኔ አንዱን ፊደል ከመሃሉ ይሰነጥቀዋል፣ በርዕሱ ውስጥ የተበላሸ ፊደል ምልክት የሆነ አንድ ጥቁር አልማዝ ጉብ ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጎብኚው የጻፈውን ነገር ርዕስ ላይ አያስገቡት። ርዕሱ ሁልጊዜ «ከድረ ገጹ የመጣ መልእክት» እና ቁጥር ይሁን። በዚሁ አንድ ድንጋይ ሌላውንም ወፍ ይመታሉ፤ ምክንያቱም ክፉ ሰው በስም ወይም በርዕስ ሳጥን ውስጥ አዲስ መስመር አስገብቶ የራሱን ተጨማሪ ተቀባዮች ይጽፋል፣ ሰርቨርዎም ሳያውቅ የሌላ ሰው አይፈለጌ መልእክት አከፋፋይ ይሆናል። «መልስ ወደ» መስመር ላይ የሚገባው አድራሻም አዲስ መስመር እንደሌለበት ይፈተሽ።

ቅጹ ላይ ሦስት ሳጥን ይበቃል፦ ስም፣ ኢሜይል፣ መልእክት። ስም አንድ ሳጥን ይሁን። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ግዴታ የሚያደርጉ ቅጾች እኛን የአባት ስም የት እንደምናስገባ ሲያስጨንቁን ኖረዋል፤ በራስዎ ገጽ ላይ ያንን መድገም አያስፈልግም። ስሙን «ከኤ እስከ ዜድ» ብቻ የሚቀበል ማጣሪያ ከገለበጡት ኮድ ውስጥ ካለ ያውጡት፤ ያ ማጣሪያ «ዘነበ» ስም አይደለም ይላል።

አይፈለጌ መልእክት በእርግጠኝነት ይመጣል። የመጀመሪያው መከላከያ ሰው የማያየው፣ ሮቦት ግን የሚሞላው ተጨማሪ ሳጥን ነው። በስታይል ይሰውሩት፤ በታብ ቁልፍ እንዳይደረስበት፣ ማየት ለተሳናቸው በሚያነብ ፕሮግራምም እንዳይነበብ ያድርጉት። ተሞልቶ የመጣውን መልእክት ግን አይጣሉት፤ አንዳንዴ አሳሹ ራሱ ባለቤቱ ሳያውቅ ይሞላዋል። «የተጠረጠረ» የሚል አቃፊ ውስጥ ይግባ፣ ማሳወቂያ አይላክበት፣ አልፎ አልፎ ይዩት። ከሁለት በላይ አገናኝ ያለበትንም ወደዚያው ይላኩት።

ሁለተኛው መከላከያ በአማርኛ የሚጠየቅ ቀላል ጥያቄ ነው፤ የውጭ አገር ሮቦቶችን በሚያስደንቅ ሁኔታ ያስቆማል። ጥያቄውን ሲመርጡ ግን ስለ ሆሄ ያስቡ። መልሱ «ፀሐይ» የሆነ ጥያቄ ቢያስቀምጡ አንዱ «ጸሐይ»፣ ሌላው «ፀሀይ»፣ ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁሉም ትክክለኛ ሰዎች ናቸው። «አዲስ አበባ»ም አንድ ቃልና ሁለት ቃል ሆና ትመጣለች። ስለዚህ መልሱ ቁጥር ይሁን፦ «ጳጉሜንን ጨምሮ የኢትዮጵያ ዓመት ስንት ወር አለው?» 13 ያለውንም፣ ፲፫ ያለውንም፣ «አሥራ ሦስት» ያለውንም፣ በ«አስራ ሶስት» የጻፈውንም ይቀበሉ። በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ሌላ ጥያቄ ያድርጉ። የግዕዝ ፊደል የሌለበትን መልእክት ሁሉ ማገድ የሚለውን ሐሳብ ግን ተዉት፤ አማርኛ መጻፊያ ስልኩ ላይ ያልጫነ ዘመድ በላቲን ፊደል «ሰላም ነው?» ብሎ ይጽፋል።

በአይፒ አድራሻ ማገድ ላይ እጅዎን ይሰብስቡ። በሞባይል ኔትዎርክ ብዙ ደንበኞች በአንድ አድራሻ ተጋርተው ይወጣሉ፤ አንዱን ሲያግዱ አብረውት ያሉትንም ይዘጋሉ። ኢንጂንኤክስ ላይ ከአንድ አድራሻ በደቂቃ ጥቂት መልእክት ብቻ የሚያሳልፍ ገደብ በቂ ነው። አዝራሩን ሁለቴ የሚጫን ሰው ደግሞ አለ፤ ተቀባዩ በ10 ደቂቃ ውስጥ ፊደል ሳይለወጥ የተደገመ መልእክት ሲያይ ዳግም አያስቀምጥ፣ ግን «ደርሷል» ይበለው።

«መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል ኢሜይል ለጎብኚው አይላኩ። ጨዋነት ይመስላል፤ ግን ሳጥኑ ውስጥ የገባው አድራሻ የጻፊው ለመሆኑ ምንም ማስረጃ የለዎትም። አንድ ሰው የጠላውን ሰው አድራሻ እየሞላ በእርስዎ ሰርቨር ሊያጨናንቀው ይችላል፤ የዶሜይንዎ ስምም በኢሜይል አገልግሎቶች ዘንድ ይጠፋል። የምስጋናው ገጽ ይበቃል።

የተነበቡትን መልእክቶች ለዘላለም አያከማቹ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ አውሮፓ ውስጥ ያሉ አንባቢዎችም የራሳቸው ጠንካራ ሕግ አላቸው። ከቅጹ ሥር መልእክቱ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚሰረዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ የጻፉትንም በሰዓት ቆጣሪ ያስፈጽሙት። ምትኬ ቅጂ የሚወስዱ ከሆነ ስረዛው እዚያም ይድረስ።

ሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊት ደህና መልእክት ልኮ መድረሱን ማየት ፈተና አይደለም። ላኪውን ፕሮግራም አቁመው ከስልክዎ መልእክት ይላኩ፤ «አዲስ» ውስጥ መቀመጡን፣ ላኪውን ሲያስነሱም መሄዱን ይዩ። 4000 ፊደል አማርኛ ለጥፈው ይላኩ፤ የመጨረሻው ፊደል መድረሱን ይፈትሹ። በስም ሳጥን በኩል አዲስ መስመር ያለበት ጽሑፍ ይላኩ፤ አሳሹ ስለማይፈቅድልዎ ከርል የተባለውን የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ይጠቀሙ። በመጨረሻም የመልእክት አቃፊዎቹን ለጊዜው ትንሽ የዲስክ ክፍልፍል ላይ አስቀምጠው እስኪሞላ ድረስ ቆሻሻ ፋይል ይጻፉበትና ቅጹን ይላኩ። የጻፉትን እንደያዘ «አሁን መቀበል አልተቻለም» የሚል ቅጽ ሊመለስልዎ ይገባል፤ «ደርሷል» የሚል ገጽ ካዩ ኮዱ ገና አላለቀም።